የሐይቅ ዳሩ ወጌሻ ሪፖርት

አውራ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ቆየና «ምን ሥራ ነው የሚሠሩት?» አለኝ። «ሰው አሻለሁ» አልኩት። «ድንጋይ የሚፈልጡ መስሎኝ ነበር» አለ። ልዩነቱን ላስረዳው ፈልጌ ነበር፤ ድንጋይ ቢያንስ «ቀስ በል» አይልም። የሁለቱም አውራ ጣቶቼ መጋጠሚያ አልቋል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ይሠራል፣ ዓይኔ ይሠራል፣ ምላሴማ ከሚገባው በላይ ይሠራል። ስለዚህ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን የማሻ ክፍሌን ዘግቼ እዚያው በር ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጥ ጀምሬያለሁ። የድሮ ደንበኞቼ አሁንም ይመጣሉ። ወገባቸውን ይዘው ቆመው መጽሐፍ ያገላብጣሉ፤ አይገዙም።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ «ጊዜው የት እንደደረሰ እይ» ብሎ ሐይቅ ዳር ከተከፈቱት አዳዲስ ቦታዎች ወደ አንዱ ወሰደኝ። በቀን ሻማ አብርተዋል። የወፍ ድምፅ በቴፕ ከፍተዋል፤ ከመስኮቱ ውጭ እውነተኛዎቹ የሐይቅ ወፎች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ እየጮኹ ነበር። አንዲት ጨዋ ልጅ ድመት እንደሚዳበስ ዳበሰችኝ። ወዳጄ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ሎሚ ሎሚ እሸታለሁ» አልኩት። ተቀየመኝ።

መዳበስ ሌላ፣ መታሸት ሌላ። የእኔ ሙያ ሰው ላይ መጫን ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ሰው ላይ የማይጫን ስላልነበረ ይህ ልዩ ሙያ አይመስልም ይሆናል፤ ሰውየው ቀልሎት እንዲነሣ አድርጎ የሚጫን ግን ጥቂት ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት በውድቀት ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሐዋሳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ነበርና እኔም ብዕር እንድይዝ ይመኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ሲመጣ ባይመጣ ይሻል እንደነበር ሁላችንም ተስማማን። አንድ ፋብሪካ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ የወጌሻው ቦርሳ ተሸካሚ ሆንኩ። ወጌሻው ለሁሉም ጉዳት አንድ መድኃኒት ነበረው፤ ቀዝቃዛ ውሃ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትም፣ ጎል የገባበትም እኩል ይረጭበታል። ከእሱ የተማርኩት ባልዲ ሳይፈስ መሮጥ ብቻ ነው። ቡድኑ ሲፈርስ አብዮቱ የወረሰው አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ተመደብኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የቅጥር ፎርሙ ግን ሰባት ገጽ ነበረው።

የሆቴሉ የቀድሞ ባለቤት የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ከጎኑም የማሻ ክፍል ሠርቶ ነበር። ሆቴሉ ሲወረስ ንብረቱ ሁሉ በዝርዝር ተመዘገበ። መዝገቡን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ «አግዳሚ፣ የእንጨት፣ አንድ። ፎጣ፣ ያረጀ፣ አሥራ አራት። ወጌሻ፣ ሽማግሌ፣ አንድ» ይላል።

ሽማግሌው ጋሽ ሌዳሞ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቡሹሎ መንደር ሰው። ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ፣ አማርኛን ደግሞ ከጎለመሱ በኋላ የተማሩ። ገንዘቡን ለፍቶ እንዳገኘ ሰው ቃል አያባክኑም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት እጆቼን ይዘው አገላብጠው አዩና «ምላጭ» አሉ። ጥፍሬን እስከ ሥጋው ቆረጡት። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሰው እንድነካ አልፈቀዱም። ከሆቴሉ ኩሽና የዳቦ ሊጥ ያስመጡና ከሥሩ የበሰለ ባቄላ ይደብቃሉ። ባቄላውን በአውራ ጣቴ፣ ሳልጨፈልቅ፣ ላገኘው ነው። ስጨፈልቅ «ሰውየው ሞተ» ይሉና ሌላ ይደብቃሉ። በእነዚያ ሦስት ወራት የሆቴሉ ዳቦ እንደ ደመና ለስላሳ ነበር፤ አልፎ አልፎ ባቄላ ይገኝበታል እንጂ።

ተጭኖ ማሸት ጉልበት የሚመስለው ለማያውቅ ነው። ነገሩ ትንፋሽ ነው። ሰውየው ሲያስወጣ ትገባለህ፣ ሲስብ ባለህበት ትቆያለህ። አውራ ጣትህን ቋጠሮው ላይ ታሳርፋለህ፤ ክንድህን ቀጥ አድርገህ ክብደትህን ከትከሻህ ታወርዳለህ። የሚገፋው ወገብህ ነው እንጂ ጣትህ አይደለም። (ይህን ሕግ አጥብቄ ይዤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መጽሐፍ ሻጭ አልሆንም ነበር።) በሰፊው ሥጋ ላይ ክርን፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የመዳፍ ግርጌ፣ አንገት ላይ ሁለት ጣት ብቻ። አጥንት ላይ ምንም። «አጥንት የእግዚአብሔር ነው፤ ሥጋው የእኛ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ሌዳሞ። ትንፋሹን የሚቆጥሩት በመዝሙር ነው። የጸሎት ቤታቸው በር በመንግሥት ከታሸገ ቆይቶ ነበርና መዝሙሩ ከጉሮሮ አይወጣም፤ በአፍንጫቸው ብቻ ያንጎራጉሩታል። ለጠንካራ ወገብ አራት ስንኝ፣ ለአንገት ሁለት።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ወሬ ነው። የተኛ ሰው ዝም እንዲል አይፈቅዱም። ከየት መጣህ፣ ምን በላህ፣ ላምህ ወለደች ወይ፣ ከሚስትህ ታረቅህ ወይ? መጀመሪያ ላይ ሐሜት ወዳድ መስለውኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። ሰውየው እያወራ ስትጫነው ድምፁ እንደነበረ ከቀጠለ ሕመሙ ደኅና ሕመም ነው፤ ጨምር። ድምፁ ከቀጠነ፣ ወይም ቃሉ መሐል ላይ ከተቆረጠ፣ እጅህን አንሣ። መለኪያችን የሰውየው ምላስ ነበር። «ዝም ያለ ሰው አይታሽም» ይሉ ነበር፤ እኔ ይህን የአዛውንት ተረት አድርጌ ወሰድኩት።

ወሬው ደግሞ ከበሩ አይወጣም። ሰው ጨርሶ ሲሄድ ጋሽ ሌዳሞ እጃቸውን በአመድና በውሃ ይታጠቡና «ኬሬ» ይላሉ። በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። በዚያ ክፍል ትርጉሙ፦ ሰማሁ፣ ረሳሁ።

ስለ ጥቅሙ ብትጠይቁኝ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። መጻሕፍቱ ማሸት ደም ያዘዋውራል ይላሉ፤ ደሙ ወዴት እንደዞረ እኔ አላየሁም። ያየሁትን ልናገር። እንደ በሬ መላ አካሉን እያዞረ የገባ ሰው፣ ሲወጣ በሩ ላይ አንገቱን ብቻ መለስ አድርጎ ሲሰናበተኝ አይቻለሁ። ሳምንት ያልተኛ መምህር አግዳሚው ላይ ሲያንኮራፋ፣ ተረኛው «ቀስቅሱት እንጂ!» ሲል፣ ጋሽ ሌዳሞ «አንተ ነገ ና» ሲሉት ሰምቻለሁ። ወንድሟን ቀብራ እንባ እምቢ ያላት የሆቴሉ አስተናጋጅ ትከሻዋን ሲጫኗት ድንገት ስታለቅስ፣ እሳቸው ሳያቆሙ «ይውጣ፣ ይውጣ» እያሉ ሲቀጥሉ አይቻለሁ። ሥጋና ነፍስ የት ላይ እንደሚገናኙ ፈላስፎች ብዙ ቀለም ጨርሰዋል። ጋሽ ሌዳሞን ብትጠይቋቸው በትከሻ አጥንትና በአከርካሪ መካከል፣ ከላይ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ያሳዩዋችሁ ነበር።

ከጀርባ ላይ ሙያ ማንበብም ይቻላል። ልብስ ሰፊ በአንገቱ፣ ሾፌር በቀኝ ጎኑ፣ ጽሕፈት መኪና የምትመታ ሴት በክንዷ ትታወቃለች። አብዮቱ ሁለት አዳዲስ በሽታዎች ጨመረልን። አንደኛው የስብሰባ ወገብ ነው፤ ስምንት ሰዓት በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ «በሙሉ ድምፅ» ከመወሰን ይመጣል። ሁለተኛው የግራ ትከሻ ነው። ይህ የካድሬ በሽታ ነው፤ መፈክር በተጠራ ቁጥር የግራ እጅን ቡጢ ጨብጦ ወደ ሰማይ ከመወርወር።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ጋሽ ደምሴ የሞያሌ መሥመር አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ሌዳሞ፣ ከሰዓት እኔ ስለምንሠራ እሳቸው የእኔ ደንበኛ ሆኑ። ሲገቡ ኮታቸውን ገና ሳያወልቁ ይጀምራሉ፦ «አንተ መጽሐፍ! ዛሬም ታነባለህ? ና ይልቅ ይህን ጎኔን አንብበው፤ ከዲላ በታች ያለው ጉድጓድ ሁሉ ተጽፎበታል።» ስጫናቸው አግዳሚውን በመዳፋቸው እየመቱ «ነዳጅ ስጠው! ጨምር!» ይላሉ። መንገዱን፣ ተሳፋሪውን፣ መለዋወጫ ክፍሉን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ መንግሥትን ይሰድባሉ።

አንድ ቀን በቀኝ የትከሻ አጥንታቸው ሥር ያለውን ቋጠሮ ይዤ ሳለ በዚያው የስድብ ድምፅ «ሳምሶንን ቡሹሎ አስቀመጥኩት» አሉ።

ሳምሶን ሁለተኛ ልጃቸው ነው። ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት፣ ከቀበሌው ዝርዝር ስሙ የተነበበ ወጣት ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ የሚላክበት ነበር። የመጀመሪያው ልጃቸው ሄዶ አልተመለሰም። «አንዱን ሰጠሁ። ሁለተኛውን አልሰጥም። አንዲት የበቆሎ ነጋዴ ግቢ እንሰቱ ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ተራዬ ሲደርስ በአውቶቡሴ ይዤው እወርዳለሁ፤ ያቤሎ እህቴ ጋ ይሁን።» ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኔ መለስ አድርገው «አንተ፣ ምን አልኩ አሁን?» አሉኝ።

«ስለ ዲላ ጉድጓድ ሲነግሩኝ ነበር።»

«ጎበዝ። ጨምር።»

እጄን ታጥቤ «ኬሬ» አልኩ። ለመርሳት ግን ማንበብ የለመደ ጭንቅላት አይመችም።

በሳምንቱ ጓድ አስናቀ ቢሮ ተጠራሁ። ጓድ አስናቀ የአካባቢያችን የፖለቲካ ኃላፊ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ዐረፍተ ነገሩ ረጅም። ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

«ጓድ አበራ፣ የተማርክ ነህ አሉ።»

«እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ ጓድ።»

«ሰው ሲታሽ ያወራል አሉ።»

«ይጮኻል፣ ጓድ።»

«በጩኸቱ መሐል ያወራል። በየሳምንቱ ሰኞ ማን ምን እንዳለ በጽሑፍ ታቀርባለህ። ሽማግሌው አያውቅም። ካልሆነ ያ ክፍል ኋላቀር ልማድ የሚካሄድበት ስለሆነ ይታሸጋል። ደግሞ ሽማግሌው ሲዘምር ነው የሚውለው ይባላል።»

«ትንፋሽ እየቆጠሩ ነው፣ ጓድ።»

«በመዝሙር ነው የሚቆጠረው?»

«ቁጥር ስላልተማሩ ነው» አልኩ። ጋሽ ሌዳሞ እስከ ሺህ ድረስ በሁለት ቋንቋ ይቆጥሩ ነበር።

 ያልተነገረኝን መጻፍ አልችልም፤ የተነገረኝን ደግሞ መጻፍ አልፈልግም። ሌሊቱን አስቤ በጣም ብልህ የመሰለኝን መፍትሔ አገኘሁ። ብልህነት በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ጎድቶኛል፤ ይህ ግን ዋናው ነው። ከአሥራ አራቱ ፎጣዎች አንዱን ጠቅልዬ ለደንበኛው አቀርባለሁ፦ «ይህን ይንከሱ።»

«ለምን?»

«ጥርስዎ እንዳይጎዳ። አዲስ አሠራር ነው።»

አዲስ አሠራር ከተባለ በዚያ ዘመን የሚከራከር የለም። ከዚያ ወዲያ የከሰዓት ክፍሌ እንደ ገዳም ጸጥ አለ። የሚሰማው ምግብ ሲበላ እንደሚታነቅ ሰው ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ሪፖርቴን በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ አቀርባለሁ፦ «አንድ የሒሳብ ሹም፣ ወገብ። “ምፍ” ብሏል፤ አራት ጊዜ። አንድ የዓሣ ማኅበር አባል፣ አንገት። “እምም” ካለ በኋላ ዝም ብሏል።» ጓድ አስናቀ አነበበና «የዓሣ ማኅበሩ ሰው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» አለኝ። «ተንትኜ ላቅርብ?» አልኩት። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሐሙስ ጋሽ ደምሴ መጡ። በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የሞያሌ ተራቸው ነው፤ ሳምሶንን ይዘው የሚወርዱበት። ደስ ብሏቸዋል። ፎጣውን ሳቀርብ «ምነው፣ ፈረስ አደረግኸኝ እንዴ? ልጓም ነው?» አሉና ስቀው ነከሱት።

በቀኝ ጎናቸው ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ባለው ጉዞ አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሪው ጎናቸውን መትቷቸው ነበር። ይህን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ፎጣ ባይኖር። ክርኔን አሳረፍኩ። አንድ ነገር በፎጣው ውስጥ አሉ። ጨመርኩ። በመዳፋቸው አግዳሚውን መቱ። እኔ ደግሞ ያን መዳፍ አውቀዋለሁ፤ «ነዳጅ ስጠው» ማለት ነው። ደስ አላቸው ብዬ ሙሉ ክብደቴን ለቀቅኩ። በሁለት እጃቸው መቱ። ምን ያህል ወደዱት አልኩ።

«ቀጭ» አለ። ደረቅ የቡና ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ፎጣውን አወጣሁላቸው። ፊታቸው አመድ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ መተንፈስ አቃታቸውና ከዚያ በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ «አርባ ጊዜ ተው አልኩህ።»

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ፎጣው ሰምቷል።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ፍሬኔን ነቅለህ ነዳኸኝ፣ አንተ ልጅ።»

ጋሽ ሌዳሞን ሮጬ ጠራሁ። መጡ፤ በሁለት ጣት ጎናቸውን ዳሰሱ፤ አንዲት የጎን አጥንት። በሰፊ ጨርቅ አስረዋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ስድስት ሳምንት መሪ መያዝ አይችሉም ተባለ። እኔ ስድስቱን ሳምንት ስቆጥር የምቆጥረው አጥንት አልነበረም፤ ቡሹሎ እንሰት ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ነበር። የሚወስደውን ሰው የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ከጤና ጣቢያው ስንመለስ ጋሽ ሌዳሞ ፎጣውን ከወለሉ አንሥተው የጥርስ ምልክቱን አዩና «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢሮውን፣ ሪፖርቱን፣ «ምፍ»ን። ሲናደዱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ሰው እንዳይጎዳ ብለህ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እሱ እንዲናገር ፍቀድ። አንተ ዝም በል። አንተ ግን እሱን ዝም አሰኝተህ አንተ ጻፍክ።» እንደ ልማዳቸው ቃል አላባከኑም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሙያዬ ከባድ ነገር ብዙ አጥፍቻለሁ፤ የማልረሳው ግን ያንን የ«ቀጭ» ድምፅ ነው። ሰው አሽቼ አጥንት የሰበርኩበት ምክንያት ጉልበቴ አልነበረም። እምቢ የሚልበትን አፍ ስለዘጋሁበት ነው። ይህን በኋላ ብዙ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ በዚያ ልክ ተጽፎ አላገኘሁትም።

ፎጣው ቀረ። ሪፖርቴ ግን መሄድ ነበረበትና ስለ ዝናብ መጻፍ ጀመርኩ። «ደንበኛው ዘንድሮ ክረምቱ ዘግይቷል ብሏል።» ጓድ አስናቀ «በማን ምክንያት ዘገየ ብሏል?» ብሎ በቀይ ጻፈበት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ራሱ መጣ።

በሩ ላይ ቆሞ «ሰው እዚህ ምንም አይናገርም የሚለውን ላጣራ ነው» አለ። አገባቡን ሳየው ግን ነገሩ ገባኝ፤ ግራ ክንዱ ከደረቱ አልላቀቅ ብሏል። የአብዮት ትከሻ ነው። ከሁለት ቀን በፊት በተደረገው ሰልፍ መፈክር ሲያስጀምር ቡጢው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ በቀኝ እጁ ደግፎ እንዳወረደው ሆቴሉ በሙሉ አውርቶታል።

ጠዋት ስለሆነ ተራው የጋሽ ሌዳሞ ነው። «ይተኙ» አሉት። እኔ የምንቀባውን ቅቤ ያዝኩ።

ጓድ አስናቀ ተኛ፤ ከንፈሩንም ገጠመ። ላለመናገር ወስኖ እንደመጣ ከመንጋጋው ያስታውቃል። ጋሽ ሌዳሞ «ከየት ነዎት?» አሉት። ዝም። «ምን በሉ?» ዝም። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ምነው?» አለ ጓድ አስናቀ።

«ዝም ያለ ሰው አላሽም። አንድ ሰው ጎኑ ተሰብሯል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የፈለጉትን። መፈክርም ይሆናል።»

«ሁሉም ነገር ወደ…» ብሎ ጀመረ፤ ያኔ የጋሽ ሌዳሞ አውራ ጣት ቦታውን አገኘ፣ ከላይ አራት ጣት ዝቅ ብሎ። መፈክሩ ጠፋ። «ወይኔ! እማዬ!» አለ። ከዚያ በኋላ ግድቡ ፈረሰ። ስለ ወንበሩ ተናገረ፤ ስለ አለቃው ኩርፊያ ተናገረ፤ ሚስቱ በእንቅልፉ መፈክር እያሰማ ስለሚቀሰቅሳት ሌላ ክፍል እንደምትተኛ ተናገረ። ጋሽ ሌዳሞ በአፍንጫቸው አራት ስንኝ ያንጎራጉራሉ፤ አንዴ እንኳ ሰውየው ራሱ ዜማውን ተከተለ። ክንዱ ቀስ እያለ ከደረቱ ሲላቀቅ፣ በዚያ ሰው ሊተኛ ሲል በሚያወጣው ለስላሳ ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦

«እባክዎን አባባ፣ እስከ እሑድ ይሻለኝ። እሑድ ጠዋት ቡሹሎ እንሰቱ ውስጥ የተደበቁትን ልጆች ልንለቅም ነው፤ በዚህ ክንድ እንዴት እመራለሁ?»

 ጋሽ ሌዳሞ ትንፋሽ እንኳ ሳይስቱ «ይሻልዎታል» አሉ። ተሻለውም። ሲነሣ ክንዱን ወደ ጣሪያው ሦስት ጊዜ አነሣ፣ አወረደ፤ እንደ ሕፃን ሳቀ። የተናገረውን እንደማያስታውስ ከፊቱ ያስታውቃል። የታሹ ሰዎች መጀመሪያ ላይ አያስታውሱም።

ሲሄድ ጋሽ ሌዳሞ እጃቸውን በአመድና በውሃ ታጠቡ። ተጠባበቅኩ። «ኬሬ» አላሉም። ሁልጊዜ የሚሉትን ቃል ሳይሉ ፎጣ ማድረቂያው ዘንድ ሄደው ቆሙ። ሰውየው ያለውን ለሰው ቢናገሩ የአባታቸውን ሕግ ያፈርሳሉ፤ ባይናገሩ እሑድ ይመጣል። 

«አበራ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ፎጣዎቹ ቆሽሸዋል።»

«ትናንት ነው የታጠቡት።»

«ቆሽሸዋል። የሐይቁ ውሃ አያጸዳም። ቡሹሎ ጥሩ ምንጭ አለ። ከበቆሎ ነጋዴዋ ግቢ ጀርባ።»

«እርስዎ የሰሙትን…»

«እኔ አርጅቻለሁ፤ አልሰማም። አንተ ግን የምትረሳ ሰው አይደለህም።» ከዚያ የራሳቸውን ነጭ ጋዋን ከሚስማሩ አውርደው ከፎጣዎቹ ጋር ጠቀለሉት። «ይህም ይታጠብ። ቁመቱ ለረጅም ልጅ ይሆናል።» የቡሹሎ ሰው ናቸውና በማን እንሰት ውስጥ ማን እንዳለ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎጣ ተሸክሜ ቡሹሎ ገባሁ። ሳምሶን ቁመቱ እንደ አባቱ፣ ፊቱ ግን ከእንሰት ጥላ የተነሣ እንደ ሊጥ የገረጣ ልጅ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው «አባቴን የሰበርከው አንተ ነህ?» አለኝ። ከዚያ የከፋ ትውውቅ አላደረግኩም። በበቆሎ ነጋዴዋ በኩል በአካባቢው ለተደበቁት ሁሉ ወሬው ደረሰ። እኛ ሁለታችን ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ቅርጫት ግራና ቀኝ ይዘን፣ በዋናው መንገድ ወደ ሐይቅ ዳር ተመለስን። ኬላው ላይ ያለው ታጣቂ አንገቱን እየነካካ «ወጌሻዎች ናችሁ? ይቺ አንገቴ…» አለን። ሰው አሽቶ የማያውቀው ሳምሶን ቀረብ ብሎ ያዘው። እኔ ከጎን ሆኜ «እያወሩ፣ እያወሩ» እላለሁ። ታጣቂው ስለ አማቱ አወራ፤ እኛም አለፍን።

ሳምሶን እሑድን በእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል አሳለፈ። ሐዋሳ ውስጥ የሚፈለግ ሰው ከማይፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ባለሥልጣናት ራቁታቸውን የሚቀመጡበት ነው። ደግነቱ ማገዶ ካለቀ ወር ሆኖት ነበር። ሰኞ ማለዳ የጋሽ ደምሴ ባልደረባ የሞያሌውን አውቶቡስ ሲያስነሣ ጋሽ ደምሴ ጎናቸውን ታስረው መናኸሪያ ቆመው ነበር። ልጃቸውን እንደማያውቁት ሰው አዩት፤ ለእኔ ግን «የኋላ ጎማው ነፋስ አንሶታል፣ ንገርልኝ» አሉኝ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። ድምፃቸው ቀጥኖ ስለነበር ዝም አልኩ።

በዚያው ዕለት ከምሳ በኋላ ጓድ አስናቀ ጠራኝ። ዛሬ ፈገግታ የለም።

«ትናንት ቡሹሎ ባዶ ነበር።»

«ምን ሊኖር ነበር፣ ጓድ?»

ጓድ አስናቀ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። እኔን ከጠየቀኝ፣ እኔ እንዴት ላውቅ እንደቻልኩ መናገር አለበት። እንዴት እንዳወቅኩ ከተናገረ፣ የነገረኝ ማን እንደሆነ ይመጣል። ሒሳቡን ፊቱ ላይ ሲሠራው አየሁት።

«የረቡዑን ሪፖርት አምጣ» አለ በመጨረሻ።

ሰጠሁት። እንዲህ ይላል፦ «አንድ ኃላፊ፣ የግራ ትከሻ። “ወይኔ” አሥራ ሁለት ጊዜ፤ “እማዬ” ሦስት ጊዜ። ሌላ የተሰማ ነገር የለም።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ላቡን ጠረገ።

«ሌላ የተሰማ ነገር የለም?»

«የለም፣ ጓድ።»

«ሽማግሌውስ?»

«ጆሯቸው ደክሟል።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ። «እማዬ» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «እናት ሀገሬ» ብሎ ጻፈ። ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት፣ ፋይል ውስጥ አስገባው። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሪፖርት የጠየቀኝ የለም። ክፍሉም አልታሸገም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ራሱ ጓድ አስናቀ ወደ ሰሜን ተመደበ። ከመሄዱ በፊት በነበረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በእኔ ተራ፣ ያለ ማንም መጣ። ትከሻው ደኅና ነበር። «ቢሆንም እሽኝ» አለኝና ተኛ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ አንዳንዴ እየሳቀ፣ አንዳንዴ ቃሉ መሐል ላይ እየተቆረጠ፤ በተቆረጠ ቁጥር እጄን አነሣ ነበር። ሲጨርስ ሸሚዙን ቆልፎ፣ እጄን ጨብጦ ወጣ። ዳግም አላየሁትም።

ምን እንዳለ ለማወቅ እስከዚህ ያነበበ ሰው ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እጄን ታጥቤአለሁ።